መነ ሞቲ፣ ቤተ ንጉሥ፣ የንጉሥ ቤት

በ1962 ዓ.ም. ደብረ ብርሃን ስማር የሒሳብ መምህራችን ከሕንድ አገር፣ ከኬረላ የመጡ ሰው ነበሩ። በዚያ ዘመን በየአውራጃው ከተማ ሕንዳዊ መምህር ማየት ብርቅ አልነበረም፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ የዚያችው የኬረላ ልጆች ነበሩ። እኛ ተማሪዎች ከአፋቸው የሚወጣውን ሁሉ «ሕንድኛ» እንለው ነበር። አንድ ቀን ይህንኑ ሰምተው ሳቁና ጠመኔ አንሥተው በሰሌዳው ላይ ሦስት ክብ ሣሉ። በአንደኛው ውስጥ ሂንዲን ከነዘመዶቿ፣ በሁለተኛው የራሳቸውን ማላያላም ከታሚል ጋር፣ በሦስተኛው ደግሞ ሳንታሊ የሚባል ሰምተነው የማናውቀውን ስም ጻፉ። ወደ አገራችን ከመምጣታቸው አስቀድሞ በቢሃር አስተምረው ኖሮ ከሳንታሎች ጋር ጎረቤት ነበሩ። «የምንይዘው ፓስፖርት አንድ ነው፤ ጎረቤቴ ልጁን ሲቆጣ ግን ምን እንደሚል አልሰማም ነበር» አሉን። ከዚያ ፊታቸውን ወደ እኔ መለሱና፣ «አንተ የመንዝ ልጅ፣ ከአማርኛ ሌላ ከአገርህ ቋንቋዎች የትኛውን ታውቃለህ?» ሲሉ ጠየቁኝ። «ምንም» አልኋቸው። ወደ እኛ ከመዛወራቸው በፊት አምቦ አስተምረው ስለ ነበር እርሳቸው ኦሮምኛ በመጠኑ ይናገሩ ነበር።

ያ «ምንም» ያልኩት መልስ እውነት እንዳልነበረ የገባኝ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው። ወደዚያ እመለሳለሁ፤ አስቀድሜ ግን መምህሩ በሰሌዳ ላይ የጀመሩትን ልጨርስ።

ማላያላም የድራቪዳውያን ቤተሰብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2011 በተደረገው የሕንድ ሕዝብ ቆጠራ 34.8 ሚሊዮን ያህል ሰው አፍ የፈታበት ሲሆን፣ የራሱ ፊደልና የብዙ መቶ ዓመታት ሥነ ጽሑፍ አለው። ሳንታሊ በዚያው ቆጠራ 7.3 ሚሊዮን ያህል ተናጋሪዎች ነበሩት፤ አገሩ በጃርካንድ፣ በምዕራብ ቤንጋልና በኦዲሻ ነው። ቤተሰቡ ግን ከሕንድ ውጪ ይዘልቃል፤ የካምቦዲያው ክመርና የቬትናም ቋንቋ የሩቅ ዘመዶቹ ናቸው። ለብዙ ዘመን በአመዛኙ በቃል ኖሮ እ.ኤ.አ. በ1925 ራጉናት ሙርሙ የተባሉ ሳንታላዊ መምህር «ኦል ቺኪ» የሚባል ፊደል ቀረጹለት።

ሁለቱን ጎን ለጎን ያስቀመጠ ሰው መጀመሪያ የሚያየው ልዩነት ነው። በማላያላም ግሡ ባለቤቱን አይናገርም፤ «እኔ»ም ሆነ «አንተ» ወይም «እርሷ» መጣች ቢባል የግሡ መልክ ያው ነው። ሳንታሊ ግን ግሡ ላይ ባለቤቱንም ተቀባዩንም ይጭንበታል፤ ከነጠላና ከብዙ ሌላ «ሁለት ብቻ» የሚል ቁጥርም አለው። «ነገርኩህ» ብለን ነጋሪውንም ተነጋሪውንም በአንድ ቃል ለምንቋጥር ለእኛ፣ በዚህ በኩል እንኳ ሳንታሊ ይቀርበናል። ሆኖም አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የሳንታሊ ዘመዶች ክመርና ቬትናምኛ ግሥን ከዐረፍተ ነገሩ መካከል ሲያኖሩ፣ ሳንታሊ ግን እንደ ማላያላም፣ እንደ ሂንዲም፣ ግሡን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል። አሜሪካዊው ሊቅ መሪ ኤሜኖ እ.ኤ.አ. በ1956 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ እንዲህ ያለውን ነገር ሲያጤን፣ በሥጋ የማይዛመዱ የሕንድ ቋንቋዎች አብረው ከመኖር ብዛት ጠባይ ተወራርሰዋል ብሎ ጻፈ። ቋንቋ የሥጋ ዘመድ ብቻ ሳይሆን የደጅ ዘመድም አለው ማለት ነው።

እንግዲህ የእኛን አገር ሁለት ቋንቋዎች በአንድ ጊዜና በአንድ ቦታ የመረመረ ሰው ሲፈለግ መንገዱ ሩቅ አይወስደንም፤ ከመንዝ ቁልቁል ወደ አንኮበር ያደርሰናል። አንኮበር ከመንዝ የወጡ መሳፍንት ከተማ ናት፤ የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘር ከመንዙ ነጋሢ ክርስቶስ ይመዘዛል። እ.ኤ.አ. በ1839 ካርል ኢዘንበርግና ዮሐን ሉድቪግ ክራፍ የተባሉ ሁለት ጀርመናውያን ሚሲዮናውያን ከታጁራ ተነሥተው የአፋርን በረሃ አቋርጠው እዚህ ንጉሥ ዘንድ ደረሱ። ኢዘንበርግ ልቡ በአማርኛ ላይ ነበር፤ ወዲያው በዚያው ዓመት ወደ አውሮፓ ተመለሰና እ.ኤ.አ. በ1841 የአማርኛ መዝገበ ቃላት፣ በ1842 ደግሞ የአማርኛ ሰዋስው በለንደን አሳተመ። ክራፍ ግን እስከ 1842 መጀመሪያ ድረስ በሸዋ ቆየ፤ ልቡም ኦሮምኛ ላይ ወደቀ። በ1840 የኦሮምኛ ሰዋስው ንድፍ፣ በ1842 የኦሮምኛ ቃላት ስብስብ በለንደን ታተሙለት፤ ከወንጌልም ክፍል ተረጐመ። የኢዘንበርግ አማርኛ በራሱ በግዕዝ ፊደል ተጻፈ፤ የክራፍ ኦሮምኛ በላቲን። ሁለት ቋንቋዎች ከአንድ አምባ ተነሥተው፣ በሁለት ፊደል ለንደን ገቡ ማለት ነው።

ክራፍ ከሸዋ ከወጣ በኋላ ዳግመኛ እንዳይገባ ቢከለከልም ኦሮምኛን አልተወም። በስተደቡብ ዞሮ ወደ ኦሮሞ አገር እዘልቃለሁ ብሎ ሞምባሳ ድረስ ሄደ፤ በዚያም ሳለ የስዋሂሊን ቋንቋ አጥንቶ ስሙን የተከለው በዚያ ሆነ። በስተእርጅናው ደግሞ ከሸዋ ሰው የእጅ ሥራ ደረሰው፤ የዐፄ ቴዎድሮስን ታሪክ የጻፉት ደብተራ ዘነብ በኦሮምኛው የመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ተካፋይ ነበሩ። ይህን ስናገር ትንሽ ኩራት አይቀረኝም። የአማርኛ ዝርው ጽሑፍ ከጀመሩት ሰዎች አንዱ የሆኑት እኒህ ሊቅ ኦሮምኛውንም ያውቁ ነበር። በትምህርት ቤት ዘነብን የቴዎድሮስ ጸሐፊ አድርገን ስንማር ይህን የነገረን አልነበረም።

አሁን ሁለቱን ቋንቋዎች ራሳቸውን እንያቸው። አማርኛ ሴማዊ ነው፤ ኦሮምኛ ኩሻዊ። ሁለቱም በሩቅ አፍሮ እስያዊ ከሚባለው ታላቅ ቤተሰብ ይገናኛሉ፤ ስለዚህ ማላያላምና ሳንታሊን ያህል ባዕድ አይደሉም። «እኔ» ስንል ኦሮምኛው «አኒ»፣ «አንተ» ስንል «አቲ» ይላል። «ትመጣለህ» ስንልና «ትመጣለች» ስንል ሁለቱንም በ«ት» እንጀምራለን፤ ኦሮምኛውም «ዹፍተ» (ትመጣለህ)፣ «ዹፍቲ» (ትመጣለች) ብሎ ያንኑ «ት» ለሁለቱ ያካፍላል፤ ልዩነቱ እኛ ከፊት እርሱ ከኋላ ማኖሩ ነው። ግሥን ወደ ማስደረግ ሲለውጡም ሁለቱ «ስ»ን ይጠቀማሉ።

መመሳሰል ሁሉ ግን ዝምድና አይደለም። «እሱ»ን ከኦሮምኛው «ኢሰ» ጋር ያነጻጸረ ሰው ወዲያው ወንድማማቾች ናቸው ሊል ይችላል፤ ተማሪ ሳለሁ እኔም ብዬ ነበር። የእኛ «እሱ» ግን ከ«እርሱ» የመጣ ነው፤ «እርሱ»ም ከግዕዙ «ርእሱ»፣ ማለትም «ራሱ» ከሚለው። እኛ ሰውን ስንጠራ ራሱን ነው የምንጠራው፤ የኦሮምኛው «ኢሰ» ከዚህ ጋር ምንም አያገናኘውም።

የደጅ ዝምድናው ያለው ከቃላት በታች፣ በዐረፍተ ነገር አጥንት ውስጥ ነው። ግዕዝ ግሥን ከፊት ያስቀድማል፤ ዐረብኛም እንዲሁ። አማርኛ ግን «ልጁ ውሃ ጠጣ» ሲል ግሡን መጨረሻ ያኖራል፤ ኦሮምኛም «ሙጫን ቢሻን ዹጌ» ሲል ቃል በቃል ያንኑ ቅደም ተከተል ይይዛል። «ዝም አለ» የሚለውን እስኪ አስቡት። ዝም ያለ ሰው ምን አለ? ምንም አላለም። ነገር ግን አማርኛ ዝምታን እንኳ በ«አለ» ይገልጠዋል፤ ኦሮምኛም «ጨል ጄዼ» ሲል «ጄዼ» ማለት «አለ» ነው። ብድግ አለ፣ ቁጭ አለ፣ ቀስ አለ፤ ይህን ስልት የሴም ዘመዶቻችን ከቀይ ባሕር ማዶ አያውቁትም። አሜሪካዊው ቻርልስ ፈርጉሰን ኤሜኖ በሕንድ ያየውን ዓይነት ነገር በኢትዮጵያ አይቶ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ «የኢትዮጵያ የቋንቋ ክልል» የሚል ሐሳብ አቀረበ። ኋላ የተነሡ ሊቃውንት፣ በተለይ ጣልያናዊው ማውሮ ቶስኮ እ.ኤ.አ. በ2000፣ ክልል የሚያሰኝ ማስረጃ የለም ብለው ተከራክረዋል። ክርክሩ ተገቢ ነው፤ ለሁሉም ቋንቋዎች አንድ ክልል ማጠር ይከብዳል። ሆኖም አማርኛ ከኩሽ ጎረቤቶቹ ጠባይ መውረሱን የሚክድ ብዙ አላጋጠመኝም።

ጎረቤቶች ስል ለኦሮምኛው ብቻ ምስጋናውን ማሸከሜ አይደለም። አማርኛን ከሁሉ አስቀድሞ የቀረጸው አገው ነው። የዚህም ምስክር በዚህ ጽሑፍ ርእስ ላይ ያኖርኋቸው ሦስት አነጋገሮች ናቸው። ግዕዝ «ቤተ ንጉሥ» ይላል፤ ቤቱን አስቀድሞ ባለቤቱን ያስከትላል። አማርኛ ገልብጦት «የንጉሥ ቤት» አለ፤ ይህም የአገው ሥርዓት ነው። ኦሮምኛ ምን የሚል ይመስላችኋል? «መነ ሞቲ» ይላል፤ «መነ» ቤት ነው፣ «ሞቲ» ንጉሥ። ቤት አስቀድሞ፣ ንጉሥ አስከትሎ፣ ልክ እንደ ግዕዝ! «ትልቅ ቤት» ለማለትም «መነ ጉዳ» ነው፤ ቤት ትልቅ።

ይህን መጀመሪያ ያስተዋልኩ ቀን መጽሐፉን ዘግቼ ብዙ ተቀመጥኩ። እኛ መንዞች ከግዕዝ ጋር ያለንን ዝምድና እንደ ርስት ቆጥረን አድገናል። ዶናልድ ሌቪን እ.ኤ.አ. በ1965 ባሳተመው «ሰምና ወርቅ» የአማራን ባህል ሲያጠና መንዝን መነሻ ያደረገው በከንቱ አይደለም፤ እኛም ያንን መመረጥ ለማንም ለመናገር የምንሰንፍ አልነበርንም። እንግዲህ ቤትና ንጉሥን በመደርደር የግዕዝን ሥርዓት የሚከተለው እኔ ሳልሆን፣ «ምንም አላውቅም» ያልሁት የጎረቤቴ ቋንቋ ሆኖ ተገኘ። በእርግጥ ኦሮምኛ ይህን ከግዕዝ አልተማረውም፤ በራሱ መንገድ የደረሰበት ነው። ግሡን ከአማርኛ ጋር መጨረሻ ያኖራል፤ ቤቱን ከግዕዝ ጋር መጀመሪያ ያኖራል። በሌላ በኩል «አየሁህ» ስንል እኛ ታያዩን ግሡ ውስጥ ስንጨምር፣ ኦሮምኛ «ሲ አርጌ» ብሎ ለይቶ ያቆመዋል።

የሥጋ ዝምድና ብቻውን ቋንቋን እንደማያድን ደግሞ ከመንዝ በስተምሥራቅ፣ ከአፋፉ ሥር ይታያል። የአማርኛ የቅርብ እኅት አርጎብኛ ናት። «ሁለት» ለሚለው ቃል ግዕዙ «ክልኤቱ» ብሎ በ«ክ» ይጀምራል፤ እኛ «ክ»ን ጥለን «ሁ» አልን፤ አርጎብኛ እስከ ዛሬ በ«ክ» ትጠራዋለች። ታላቅ እኅት የያዘችውን ታናሽ ጥሎ እንደ ማለት ነው። በ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ አርጎባ ነኝ ያለው ሕዝብ 140 ሺህ ያህል ሲሆን፣ ቋንቋውን አፍ የፈታበት 44 ሺህ ያህል ብቻ ነበር። ከአንኮበር በታች ያለችው አልዩ አምባ፣ የሐረር ሲራራ ነጋዴ የሚራገፍባት ያች የአርጎባዎች ገበያ፣ ዛሬ የምትገበያየው በአማርኛ ነው። አርጎብኛውን የዋጠው እንግዳ ሳይሆን ከሁሉ የሚቀርበው ዘመዱ፣ የእኛው አማርኛ ነው። ስለዚህ ነገር ከዚህ የሚበልጥ ቢጻፍ ደስ ባለኝ፤ የሚጽፈው ግን ቋንቋውን የሚያውቅ መሆን አለበት።

ስለ ፊደል ጥቂት ልበል፤ ብዙ ጠብ የተነሣበት ነገር ነውና። ክራፍ በላቲን ከጀመረ በኋላ ኦሮምኛ ወደ ግዕዝ ፊደል ተመልሶ ነበር። ከባርነት ነፃ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብ ከአስቴር ጋኖ ጋር ደክመው እ.ኤ.አ. በ1899 ያሳተሙት መላው መጽሐፍ ቅዱስ በእኛው ፊደል ነው። በ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ደግሞ የሐረርጌው ሼኽ በክሪ ሳጳሎ ልክ እንደ ሳንታሉ ሙርሙ ለቋንቋቸው አዲስ ፊደል ቀረጹ፤ ዕድላቸው ግን እንደ ሙርሙ አልሆነም። የሙርሙ ፊደል ዛሬ በትምህርት ቤት ይሰጣል፤ ሳንታሊም ከ2003 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሕንድ ሕገ መንግሥት ከተዘረዘሩት ቋንቋዎች ተቆጥሯል። ሼኹ በስደተኞች መጠለያ፣ በሶማልያ ምድር፣ እ.ኤ.አ. በ1980 አረፉ፤ ፊደላቸውም በሥራ ሳይውል ቀረ። በደርግ ዘመን የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ኦሮምኛ በግዕዝ ፊደል ተማረ፤ በ1984 ዓ.ም. የላቲኑ ቁቤ ጸደቀ።

በወጣትነቴ በቁቤ ነገር እናደድ ነበር፤ ፊደላችን ተጣለ ብዬ። ኋላ ግን አንድ ወዳጄ አንዲት ምሳሌ ሰጠኝ። በኦሮምኛ «ነመ በዳ» ብላችሁ በግዕዝ ፊደል ጻፉ። «ደ» ሲጠብቅ «የደጋ ሰው» ማለት ነው፤ ሲላላ «መጥፎ ሰው» ይሆናል። «አንተ የመንዝ ልጅ፣ የትኛው ነህ ብዬ ልጻፍልህ?» አለኝ። ሳቅሁ። እርግጥ ነው የእኛም «ይበላል» በላተኛውን ከሚበላው አይለይም፤ እኛ ግን ለምደነው እናነባለን። ኦሮምኛ ከማጥበቅና ከማላላቱ ላይ የአናባቢ ርዝመትም ትርጉም ይለውጥበታል። ለዚህ ምልክት ጨምሮ በግዕዝ ፊደል መጻፍ ይቻል ነበር የሚሉ አሉ፤ እኔም ይቻል ነበር ባይ ነኝ። ነገር ግን ባለቤቱ ሳይጠየቅ የሚወሰንበት ዘመን ረዝሞ ነበርና፣ በተጠየቀ ጊዜ ሌላ ቢመርጥ የሚያስቆጣ አይደለም። በ1999ኙ ቆጠራ ኦሮምኛን አፍ የፈታበት ሕዝብ ከ24 ሚሊዮን በላይ፣ አማርኛን ደግሞ ከ21 ሚሊዮን በላይ ነበር። በሕንድ ሳንታሊ የጥቂቶች ቋንቋ ነው፤ እዚህ ግን እኔ አንድም ቃል አላውቅበትም ያልኩት ቋንቋ በተናጋሪ ብዛት የአገሬ የመጀመሪያው ነው።

«አንድም ቃል» አልኩ እንጂ፣ ቀድሞ እንደ ተናገርሁት ይህ እውነት አልነበረም።

አያቴ የዘመሮ ሰው ነበሩ፤ መንዝ ቀያ ገብርኤል። ገበሬ ቢሆኑም በበጋ የበግ ጠጉር ባና በአህያ ጭነው በመርሐ ቤቴ በኩል ቆላውን ወርደው ወደ ሰላሌ ይሸጡ ነበር። ሲመለሱ ምን ይዘው እንደሚመጡ ስለምንጠብቅ የሚነሡበትን ቀን አንረሳውም። ዋዜማውን ማታ በእሳቱ ዳር ባናዎቹን እያጠፉ አንዱን በሌላው ላይ ሲደራርቡ፣ ድምፃቸውን ዝግ አድርገው «ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ፣ አፉር፣ ሸን» ይሉ ነበር። እኔና እኅቴ ይህን የአያታችን ዜማ አድርገነው ገመድ ስንዘል እንለው ነበር። ቁጥር መሆኑን ማንም አልነገረን፤ እኛም አልጠየቅንም። አያቴ በሰላሌ ገበያ በኦሮምኛ ተከራክረው፣ በኦሮምኛ ተስማምተው፣ ምናልባትም በኦሮምኛ ተረት ነግረው የሚመለሱ ሰው ነበሩ። ቤት ሲገቡ ግን ቋንቋውን ከአህያው ጭነት ጋር ደጅ ያራግፉት ነበር። ለምን እንዳላስተማሩን አንዳንድ ጊዜ አስባለሁ። አሳፍሯቸው አይመስለኝም፤ የሥራ ዕቃ እንጂ የሚወረስ ርስት አድርገው አልቈጠሩትም።

በ1950ዎቹ ማብቂያ አረፉ። ሕንዳዊው መምህር ሲጠይቁኝ ከሞቱ ገና ጥቂት ዓመታቸው ነበር፤ «ምንም» ብዬ ስመልስ እነዚያ አምስት ቃላት በአፌ ውስጥ ነበሩ።

ሥራ ይዤ አዲስ አበባ ከገባሁ በኋላ አንድ ቀን አውቶቡስ ተራ ቆሜ ሳለሁ ከአጠገቤ አንዲት እናት ዶሮ ለገዢ ሲቆጥሩ ሰማሁ። «ቶኮ፣ ለመ፣ ሰዲ…»። እግሬ ቀጥ አለ። ከእርሳቸው ጋር አብሬ በልቤ ቆጠርኩ፤ «አፉር፣ ሸን»። እርሳቸው ግን አላቆሙም፤ «ጀሃ፣ ቶርበ» ብለው ቀጠሉ። እኔ እዚያው ቀረሁ። የአያቴ አህያ ያን ቁልቁለት ይዞ የሚወርደው አምስት ባና ብቻ ነበር።